የአረማመድ ስምረትና ታማኝ ልኬቱ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ሁምቦ ምድሯ ከደጋው ወደ ዓባያ ሐይቅ ቆላ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ፣ በገበያ ቀን ወደ ከተማዋ ወደ ጠበላ የሚተመው ሕዝብ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግሩ ሲያቋርጥ፣ ሴቲቱ ሸክሟን አዝላ፣ ሽማግሌውም በትሩን ተመርኩዞ ሲያልፉ፣ የሰው አካሄድ እንደ መልኩ ልዩ ልዩ መሆኑን ማንም ይመለከታል። ዐይን በግምት የሚፈርደውን ይህን ነገር በቍጥር ለማስመስከር የሚሻው ጥበብ የአካሄድ ምርመራ ይባላል።

አንድ እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ያው እግር ዳግመኛ እስኪነካ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ዑደት ነው፤ በተለመደ ፍጥነት የሚራመድ ጤነኛ ሰው እግሩ ከዑደቱ 60 በመቶ ያህሉን መሬት ረግጦ፣ 40 በመቶ ያህሉን ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ፊት በመሄድ ያሳልፋል። ስምረት የምንለውም በማኅሌት የቀኝ ጌታና የግራ ጌታ ወገን ተራውን ጠብቆ እንደሚቀባበል ሁሉ፣ ሁለቱ እግሮች ሳይሻሙና ሳይዘገዩ መፈራረቃቸው ነው። ዑደቱን 360 ዲግሪ ብለን ብንከፍለው፣ የሁለተኛው እግር ተረከዝ መሬት የሚነካው በ180ኛው ዲግሪ አጠገብ መሆን አለበት።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1836 የቬበር ወንድማማቾች በጀርመን አገር ስለ ሰው አረማመድ ስልት መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ ከእነርሱም በኋላ ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በጫማ ውስጥ ባኖረው የአየር ከረጢት የርምጃን ጊዜ መዝግቧል። በዚያው አቆጣጠር በ2007 ደግሞ ሜር ፕሎትኒክና ባልደረቦቹ፣ እግሮቹ ከ180 ዲግሪ የሚርቁበትን መጠንና ርምጃ ከርምጃ የሚለዋወጡበትን መጠን አዋሕዶ በአንድ ቍጥር የሚገልጽ መለኪያ አቀረቡ፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ስምረቱ የተሻለ ይሆናል።

ይህ ጥበብ ሁምቦ ለምትገኝበት ለወላይታ ዞን ሩቅ አይደለም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጥ ለኖረ ገበሬ የሚደርሰው የዝሆኔ ሕመም፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ መርምሮ ከትል ሳይሆን ከአፈሩ ጋር ያገናኘው ዓይነት፣ ሁለቱንም እግሮች ቢያሳብጥም ብዙውን ጊዜ እኩል አያሳብጣቸውም፤ ስለዚህ የሚከብደው እግር ከሚቀለው ጋር የሚያደርገው መፈራረቅ ሊዛባ ይችላል። በዞኑ የሞሲ ፉት ማኅበር ሕሙማንን እግር ማጠብንና ጫማ መጫማትን ሲያስተምር ኖሯል፤ ከሕክምናው በኋላ አካሄዱ ተሻለ ወይስ አልተሻለም የሚለውን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ ግን ታማኝ ልኬት ያስፈልጋል።

ታማኝነቱ የሚፈተነው በትንሽ ነገር ነው። በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሣ የስልክ ካሜራ ሲቀረጽ በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል፤ አንዱ ዑደት 1.1 ሰከንድ ከወሰደ ይህ ክፍተት ወደ 11 ዲግሪ ይጠጋል። የጤነኛ ሰው መዛነፍ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለ ሆነ፣ በጥቂት ርምጃዎች የተገኘ ውጤት የሰውዬውን ሳይሆን የመሣሪያውን ጠባይ ሊነግረን ይችላል፤ በሰከንድ 240 ምስል ቢነሣ ግን ክፍተቱ ወደ 1.4 ዲግሪ ይወርዳል፣ ርምጃውም ሲበዛ አማካዩ ይጠራል።

ከዚህም በቀር መርማሪው ሜዳውን ደልዳላ አድርጎ፣ በሚለካው 10 ሜትር መነሻና መድረሻ ላይ ሁለት ሁለት ሜትር መጨመር አለበት፤ ሰው መራመድ ሲጀምርና ሊቆም ሲል ፍጥነቱ ይለዋወጣልና። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ስምረቱ ስለሚላላ ፍጥነቱም አብሮ ይመዘገባል። ሕሙሙ በመጀመሪያ በባዶ እግሩ ተለክቶ በኋላ በአዲስ ጫማ ቢለካ፣ የታየው ለውጥ የሕክምናው ይሁን የጫማው መለየት ያዳግታል።

ከሁሉ በላይ ግን ምንም ያልተለወጠ ሰው በተለያየ ቀን፣ በተለያየ መርማሪም ሲለካ ቍጥሩ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ይህ ውዝዋዜ የልኬቱ ስሕተት ነውና፣ ከእርሱ ያልበለጠ ልዩነት በመዝገብ ላይ መሻሻል ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም። የሁምቦው ገበሬ ሕክምናውን ይቀጥል ወይም ይለውጥ ብሎ የሚወስን ሐኪምም ከመሣሪያው መራቀቅ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ የስሕተቱ መጠን መታወቁን ነው።