«ልቭ» እና «ሊቭ»፦ ድምፃቸው የተቀራረበ የሁለት እንግሊዝኛ ግሦች ፍች በንጽጽር

1. መግቢያ

አንድ የመምህርነት ሠልጣኝ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለ፣ በጥቁር ሰሌዳው ጠርዝ ከጻፋቸው አዳዲስ ቃላት መካከል «ሊቭ፦ መኖር» የሚል ይገኝበት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ጠርዝ ላይ «ሊቭ፦ መሄድ» ሲል ጻፈ። አንዲት ተማሪ እጅዋን አውጥታ «ቲቸር፣ ባለፈው መኖር ነው ብለውን ነበር፤ አሁን ደግሞ መሄድ ሆነ። የሚኖር ሰውና የሚሄድ ሰው እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ?» ስትል ጠየቀች። ሠልጣኙም «አጻጻፋቸው ይለያያል» ብሎ ወደሚቀጥለው ቃል አለፈ።

መልሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ለተማሪዋ ጥያቄ በቂ አልነበረም። ጆሮዋ የሰማው አንድ ድምፅ፣ ደብተርዋ የያዘውም በፊደላችን አንድ ቃል ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ትምህርቱን ይከታተል ስለ ነበር፣ የዚያች ተማሪ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ሊያገኝ ይገባል ከሚል እምነት ተነሥቶአል።

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኖአል። በመሆኑም እነዚህ ሁለት ቃላት የሚያስከትሉት ችግር በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ወደ ሒሳብ፣ ወደ ሥነ ሕይወትና ወደ ፊዚክስ ክፍል ይገባል፤ በፈተና ወረቀት ላይም ነጥብ ያሳጣል።

2. የድምፁ ጉዳይ

በአማርኛ ሰባት አናባቢዎች ሲኖሩ፣ የአናባቢ መርዘምና ማጠር የቃልን ፍች አይለውጥም። ፍች የሚለወጠው በተነባቢው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲላላ «እስከ አሁን» ማለት ይሆናል፤ ሲጠብቅ ግን በዓሉን ያመለክታል። «ዋና»ም እንደዚሁ ሲላላ በውሃ ላይ የሚደረገውን፣ ሲጠብቅ ደግሞ የበላዩን ወይም ቁም ነገሩን ያስረዳል። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ እነዚህን ለመለየት እንደሚቸገር ሁሉ፣ የእኛም ተማሪ የእንግሊዝኛውን አጭርና ረጅም «ኢ» ለመለየት ይቸገራል። ጉድለቱ የጆሮ አይደለም፤ ጆሮው የሠለጠነው ለሌላ ዓይነት ልዩነት ነው።

በዚህ ጽሑፍ «መኖር» የሚል ፍች ያለውና ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ ኢ ተብሎ የሚጻፈው ቃል በሳድስ «ልቭ» ተብሎ ይጻፋል። ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ በሣልስ «ሊቭ» ይባላል። ይህ ለመለያ የተደረገ ስምምነት እንጂ ፍጹም ውክልና አይደለም። የእንግሊዝኛው አጭር ድምፅ የሚነገረው ምላስ ከ«ኢ» በጥቂቱ ዝቅ ብላ፣ ነገር ግን እንደ «እ» ወደ መካከል ሳትሸሽ ነው። መምህሩ ልዩነቱን «አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው» ብቻ ብሎ ቢያስረዳ በቂ አይሆንም። «ቅጠል» ማለት በሆነው «ሊፍ» ውስጥ ያለው አናባቢ፣ ተከታዩ ተነባቢ «ፍ» በመሆኑ በንግግር ያጥራል፤ ይሁን እንጂ ወደ «ልፍ» አይለወጥም። ስለዚህ ተማሪው ከርዝመቱ ይልቅ የምላሱን አቀማመጥ እንዲያስተውል ማድረግ ይበጃል።

3. የ«ልቭ» ፍቾች

ሀ) በሕይወት መኖር። ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ሊኖር አይችልም ሲባል የሚያገለግለው ይህ ፍች ነው።

ለ) መኖሪያ ማድረግ። ብዙውን ጊዜ «ልቭ ኢን» ወይም «ልቭ አት» ተብሎ የቦታ ስም ያስከትላል።

ሐ) መተዳደር ወይም መመገብ። ይህ ፍች «ልቭ ኦን» በሚለው አነጋገር ይገለጻል። ተማሪው «ኦን» ማለት «ላይ» መሆኑን ብቻ ካወቀ፣ «ዘይ ልቭ ኦን ሚልክ» የሚለውን «ወተት ላይ ይኖራሉ» ብሎ ይተረጉመዋል። ትክክለኛው ፍች ግን «ኑሮአቸው በወተት ነው» የሚለው ነው።

መ) ችግርን ወይም ዘመንን ማሳለፍ። «ልቭ ስሩ» ሲባል ከድርቅ ወይም ከጦርነት በሕይወት ተርፎ ማለፍን ያሳያል።

ሠ) አጻጻፉ ሳይለወጥ «ላይቭ» ተብሎ ሲነበብ ቅጽል ይሆናል። «ሕያው» የሚለው ፍቹ የታወቀ ነው፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን «ቀጥታ ሥርጭት» የምንለውም በዚሁ ቃል ይጠራል። በሕክምና «ላይቭ ቫክሲን» ሲባል፣ እንደ ኩፍኝ ክትባት ሁሉ፣ የተዳከመ ሕያው ተዋሲያን የያዘ ክትባት ማለት ነው።

በፊዚክስ ግን ይኸው ቅጽል ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ፍች አለው። «ላይቭ ዋየር» ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ነው። ይህን «የሚኖር ሽቦ» ብሎ የተረጎመ ተማሪ የተሳሳተው በሰዋስው ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ስላለው የ220 ቮልት አደጋ የተነገረውን ማስጠንቀቂያ ሳይረዳው ቀርቶአል።

በዚህ ላይ «ሕይወት» ማለት የሆነው «ላይፍ» በብዙ ቁጥር «ላይቭዝ» ይሆናል። «ይኖራል» የሚለው «ልቭዝ» ደግሞ አጻጻፉ ከእርሱ ጋር አንድ ነው። ሁለቱን የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያላቸው ቦታ ብቻ ነው።

4. የ«ሊቭ» ፍቾች

ሀ) መሄድ፣ መነሣት፣ መውጣት። በዚህ ፍች ተማሪዎች የሚሳሳቱት በመስተዋድዱ ነው። እኛ «ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሄደች» ስንል ሁለቱንም ቦታዎች በመስተዋድድ እናመለክታለን። እንግሊዝኛው ግን «ሺ ሌፍት ጎንደር ፎር ባሕር ዳር» ይላል፤ የተነሣችበትን ቦታ ያለ መስተዋድድ ተሳቢ ያደርገዋል። ከዚህም የተነሣ «ሺ ሌፍት ፎር ጎንደር» የሚለውን ብዙ ተማሪዎች «ከጎንደር ሄደች» ብለው ይረዱታል። ፍቹ ግን «ወደ ጎንደር ሄደች» ነው። በአንዲት መስተዋድድ ምክንያት ተጓዥዋ መንገድዋን ገልብጣ ትገኛለች።

ለ) ሥራን ወይም ትምህርት ቤትን መልቀቅ። ቀደም ሲል በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ይሰጥ የነበረውን ፈተና በእንግሊዝኛ «ስኩል ሊቪንግ»፣ በአማርኛም «መልቀቂያ» ስንለው የኖርነው ከዚህ ፍች ተነሥተን ነው።

ሐ) ዕቃን ትቶ መምጣት። እኛ «ደብተሬን ቤት ረሳሁት» እንላለን። እንግሊዝኛው የቀረበትን ቦታ ሲጠራ በ«መርሳት» ፈንታ «ሊቭ»ን መጠቀም ይመርጣል።

መ) እንዳለ መተው። በሩን ክፍት መተው፣ ቦታውን ባዶ መተው የመሳሰሉት ናቸው። በፈተና ትእዛዝ ውስጥ የሚገኘው ይህ ፍች ነው። ምንም ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይታለፍ የሚያዝዘውን ዐረፍተ ነገር «አትሂዱ» ብሎ የተረዳ ተማሪ ትእዛዙን አላገኘውም።

ሠ) ማውረስ። አባት ለልጁ መሬት ትቶለት ሞተ ስንል «ተወ»ን እንደምንጠቀም፣ እንግሊዝኛውም «ሊቭ»ን ይጠቀማል።

ረ) ማስቀረት ወይም ማስተረፍ። ከ10 ላይ 4 ሲቀነስ 6 ይቀራል ለማለት፣ መቀነሱ 6ን «ሊቭዝ» ይባላል።

ሰ) ስም ሲሆን ፈቃድ። ይህኛው መነሻው ከግሡ የተለየ ቃል ነው። የእኛ «ፈቃድ» የበላይን ይሁንታም፣ ሠራተኛ ከሥራ የሚያርፍበትን ቀንም እንደሚያመለክት ሁሉ፣ ይህም ስም ሁለቱን አጣምሮ ይይዛል። ስለዚህ የዓመት ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ የሚሉትን ለማስተማር የሚያስቸግር ነገር የለም።

ሸ) የ«ሊፍ» ብዙ ቁጥር «ሊቭዝ»፣ ማለት ቅጠሎች። አጻጻፉም አነባበቡም «ይሄዳል» ወይም «ያስቀራል» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ነው። በሥነ ሕይወት ትምህርት «ዎተር ሊቭዝ ዘ ሊቭዝ» ቢባል ፍቹ «ውሃ ከቅጠሎቹ ይወጣል» ማለት ነው። ፊተኛው ግሥ፣ ኋለኛው ስም ነው።

የ«ሊቭ» ኀላፊ ጊዜ «ሌፍት» መሆኑ ሌላ ችግር ይጨምራል፤ ምክንያቱም «ግራ» የሚለውም ቃል «ሌፍት» ነው። እነዚህ ሁለቱ በታሪክ አይዛመዱም፤ አቅጣጫውን የሚያመለክተው በጥንቱ እንግሊዝኛ «ደካማ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። በታችኛው ክፍል «ግራና ቀኝ»ን ብቻ የተማረ ልጅ፣ በሒሳብ «ሃው ሜኒ አር ሌፍት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ስንት ቀረ?» መባሉን ሳይሆን «በግራ በኩል ስንት አለ?» መባሉን ይገምታል። መቀነስ የሚያውቅ ልጅ መቀነስ እንደማያውቅ ተቈጥሮ ነጥቡን ያጣል።

5. የሁለቱ ግሦች ዝምድና

የቋንቋ ታሪክ ተመራማሪዎች «ልቭ»ንና «ሊቭ»ን ወደ አንድ ጥንታዊ ሥር ይመልሱአቸዋል። የሥሩ ፍች መጣበቅ፣ መቅረት፣ ጸንቶ መቈየት ነበር። ከዚያ የተገኘው «ልቭ» በሕይወት መቈየትን ሲያመለክት፣ «ሊቭ» ደግሞ አስደራጊው ሆኖ «እንዲቀር ማድረግ» የሚል ፍች ያዘ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ቀረ» ከሚለው «አስቀረ» እንደሚወጣ ያለ ነው።

«አስቀረ» የሚለውን እንደ ዋና ፍች ብንወስድ ከላይ የተዘረዘሩት የግሡ ፍቾች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። የሚያወርስ ሰው ሀብቱን ለልጁ ያስቀራል፤ ደብተሩን የረሳ ቤቱ ያስቀራል፤ መቀነስም ቀሪን ያስቀራል። ከጎንደር የተነሣችው ሴትም ጎንደርን ከኋላዋ አስቀርታ ሄዳለች። ጎንደር ያለ መስተዋድድ ተሳቢ የሆነችውም የምትቀረው እርስዋ ስለሆነች ነው። እንግዲህ የተማሪዋ ጥያቄ መልስ አለው። የሚኖረውና የሚሄደው በአንድ ቃል አይጠሩም፤ የሚጠሩባቸው ሁለት ቃላት ግን ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ አንዱ የሚቀረውን፣ ሌላው የሚያስቀረውን ያመለክታል።

6. በክፍል ውስጥ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከአጻጻፉ በፊት ጆሮ ይለማመድ። መምህሩ ሁለቱን ቃላት እያፈራረቀ ሲጠራ፣ ተማሪዎች «ልቭ»ን ሲሰሙ አንድ ጣት፣ «ሊቭ»ን ሲሰሙ ሁለት ጣት ያንሡ። መሙላትና መሰማት፣ መርከብና በግ የሚል ፍች ያላቸውን ጥንዶች፣ ማለት «ፍል»ንና «ፊል»ን፣ «ሽፕ»ንና «ሺፕ»ን መጨመር ይቻላል። ለዚህ ከ5 ደቂቃ በላይ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ብቻውን በሰሌዳ ላይ አይጻፍ። «ሊቭ፦ መሄድ» ከማለት ይልቅ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ፣ ከቃሉ በኋላ የመጣው ምን እንደሆነ ተማሪዎች ይጠየቁ። የቦታ ስም ነውን? «ፎር» ነውን? ዕቃ ነውን? ቍጥር ነውን? ፍቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ተከታዩ ነው።

ሦስተኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ቃሉ በየትምህርታቸው የያዘውን ፍች ራሳቸው ያስተምሩ። «ይህ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው» ማለት አያዋጣም፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ «ላይቭ ዋየር»ን የሚያነሣበት አጋጣሚ ላያገኝ ይችላል።

7. ማጠቃለያ

የመጨረሻው ሐሳብ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችንና የዕቅድ ባለሙያዎችን የሚመለከት ነው። በየክፍሉ ሊጠኑ የሚገባቸውን ቃላት በዝርዝር ስናወጣ «ሊቭ»ን እንደ አንድ ቃል እንቈጥራለን። ተማሪው በታችኛው ክፍል «መሄድ» የሚለውን ፍች ከተማረ ቃሉ እንደታወቀ ተቈጥሮ ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማስቀረት፣ ማውረስ፣ እንዳለ መተው የሚሉት ፍቾች ማንም ሳያስተምራቸው በመማሪያ መጻሕፍትና በፈተናዎች ውስጥ ይመጣሉ። ስለሆነም የቃላት ዝርዝሮቻችን ቃላትን ብቻ ሳይሆን ፍቾችን እንዲቈጥሩ፣ እያንዳንዱም ፍች በየትኛው ክፍልና በየትኛው የትምህርት ዓይነት መጀመሪያ እንደሚገጥም እንዲያመለክቱ ያስፈልጋል። በመጽሐፍ መጨረሻ የሚገኘው የቃላት መፍቻም ፍቹን ከነዐረፍተ ነገሩ ቢሰጥ ይመረጣል። ይህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እጅዋን አውጥታ የጠየቀች ተማሪም «አጻጻፋቸው ይለያያል» ከሚለው የተሻለ መልስ ይዛ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች።