ማማው የገበያውን ቀን ይወቅ

በምሥራቅ ወለጋ ከተሞች በገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ስልኩን ያነሣ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ሊገጥመው ይችላል፤ የኔትወርክ ባሩ ሙሉ ነው፣ ጥሪው ግን አይወጣም። ቡና ወይም በቆሎ የገዛው ነጋዴ በቴሌብር ሊከፍል *127# ይደውላል፤ ስክሪኑ ትንሽ ይቆይና ሳይመልስለት ይዘጋል። ባር የሚለካው ከኔትወርክ ማማው የሚደርሰውን የሞገድ ጥንካሬ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማማው ላይ ስንት ሰው እንደተደራረበ አያሳይም። ቦኖው ውሃ እየሰጠም ቢሆን ወረፋው እንደሚያስመሽ ማለት ነው። *127# ደግሞ ዳታ አይጠቀምም። የሚያልፈው ስልክና ማማ በሚተዋወቁበትና ጥሪ በሚያስጀምሩበት ጠባብ የምልክት መስመር ነው፤ በአንድ ማማ ሥር ያለ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ሰዓት ልክፈል፣ ልደውል ሲል ቀድሞ የሚጣበበው ይኸው መስመር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኔትወርክ መጨናነቅ ገበያውንም ያስተጓጉላል።

ችግሩ የሚጀምረው ኔትወርክ ሲታቀድ ነው። የት ማማ እንደሚተከልና ምን ያህል አቅም እንደሚሰጠው ሲወሰን ቀድሞ የሚጠየቀው እዚያ ስንት ሰው እንደሚኖር ነው። አገራችን የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቆጠራው ትናንት ቢካሄድ እንኳ የሚነግረን ሰው የሚያድርበትን ቦታ ነው። ሰው ስልክ የሚደውለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀን በዋለበት ነው። ስለዚህ የሞባይል ኔትወርክ መታቀድ ያለበት በሰው እንቅስቃሴ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ያ እንቅስቃሴም ከሌላ አገር ተቀድቶ ሊመጣ አይችልም።

ተመራማሪዎች የሰውን እንቅስቃሴ በሒሳብ ለመግለጽ የሞከሩት ዛሬ አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገመድ አልባ ኔትወርክ አጥኚዎች በብዛት የተጠቀሙበት ሞዴል በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሰው በዘፈቀደ አንድ ነጥብ መርጦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ሌላ ነጥብ ይመርጣል የሚል ነበር። ለሒሳብ ይመቻል፤ እንዲያ የሚኖር ሰው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ማርታ ጎንዛሌዝ፣ ሴሳር ሂዳልጎና አልበርት ላስሎ ባራባሺ የ100,000 የሞባይል ተጠቃሚዎችን የ6 ወር መረጃ መርምረው በኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ያንን አስተሳሰብ አናጋው። ሰው ከጥቂት የለመዳቸው ቦታዎች ደጋግሞ የሚመላለስ ፍጡር ሆኖ ተገኘ። ብዙ አጫጭር፣ አልፎ አልፎም ረጃጅም ጉዞዎች ያደርጋል፤ ሄዶ ግን ይመለሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ባራባሺና ባልደረቦቹ በ50,000 ሰዎች መረጃ ላይ ባደረጉት ሌላ ጥናት የሰው እንቅስቃሴ በመርህ ደረጃ እስከ 93 በመቶ ሊተነበይ እንደሚችል አሳዩ። ሊተነበይ ለሚችል ነገር አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የ2008ቱ ጥናት የተካሄደው በአውሮፓ አገር መረጃ ላይ ነው። እዚያ የሕይወት ምት በአብዛኛው ዕለታዊ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት። የወለጋ ምት ግን የሳምንትና የወቅት ነው። ከነቀምቴ በስተደቡብ ባለው እንደ ኑኑ ቁምባ ባለ ወረዳ አብዛኛው ቤተሰብ ሳምንቱን ከማሳው ሳይርቅ ይሰነብትና በገበያ ቀን ባንድነት ይነቃነቃል። ቡና ሲደርስ ለቃሚ ከሩቅ ይመጣል፤ በአርጆ ዲዴሳ ስኳር ፋብሪካ የአገዳ ቆረጣ ወቅት የሠራተኛው ቁጥር ከፍ ይላል፤ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበልና ሲያሰናብት የነቀምቴ መናኸሪያ ይጨናነቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው የገጠሩን መንገድ ይዘጋና እግር ሁሉ ይሰበሰባል። ነቀምቴ ራሷ የአዲስ አበባ፣ የጊምቢ፣ የበደሌና የቡሬ መንገዶች የሚገናኙባት መስቀለኛ ከተማ ናት። የአንድ አማካይ ቀን ሒሳብ ይህን ሁሉ ይውጠዋል፤ ስድስት ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን ጢም የሚል ማማ በአማካይ ሲታይ ጤነኛ ነው።

የእንቅስቃሴ ሞዴል በተግባር ምን እንደሚለውጥ ለማየት ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚሄድን አውቶቡስ እንከተል። አውቶቡሱ አርጆን አልፎ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ሲወርድ የእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስልክ በየቅጽበቱ የአጎራባች ማማዎችን ሞገድ ይለካል። እየተነጋገረ ያለ ሰው ሲኖር ኔትወርኩ ጥሪውን ከሚርቀው ማማ ለሚቀርበው ያስረክባል፤ ተረካቢው ሞልቶ ከሆነ ወይም ኮረብታ ጋርዶት ከሆነ ጥሪው ይቋረጣል። ዝም ብለው ኪስ ውስጥ ያሉ ስልኮችም ሥራ አላቸው። ማማዎች በቀጠና የተከፋፈሉ ስለሆኑ ስልክ ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው ሲሻገር “እዚህ ነኝ” ብሎ ይመዘገባል፤ ይህ ባይሆን ደዋይ ሲመጣ ኔትወርኩ የት ብሎ ይፈልገዋል? ቀጠናው በጣም ከሰፋ አንድን ስልክ ለማግኘት ብዙ ማማ መጣራት አለበት፤ ከጠበበ ምዝገባው በዝቶ የስልኩ ባትሪ ያልቃል። የቀጠናው ድንበር ብዙ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ካቋረጠ ደግሞ የአውቶቡሱ ስልኮች ሁሉ እኩል ሊመዘገቡ ይረባረባሉ። ሰው በየት በኩል በብዛት እንደሚጓዝ የሚያውቅ መሐንዲስ ድንበሩን ሰው ወደማይበዛበት ያዞረዋል። ለዚህ አዲስ ማማ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የወለጋ ችግር መብራት መጥፋት፣ የመስመር መቆረጥና የጸጥታ መደፍረስ ሆኖ ሳለ የሒሳብ ሞዴል ምን ይፈይዳል? ሞዴል መብራት እንደማያመነጭ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ሲያጥር የሚጠቅመው ቅደም ተከተልን ማወቅ ነው። የመጠባበቂያ ባትሪና ሶላር ለየትኛው ማማ ይቅደም ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰው መቼና የት እንደሚሰባሰብ ማወቅ ነው። ሌሊት ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከማማው መሣሪያ የተወሰነውን አሳርፎ ነዳጅና ኃይል መቆጠብም ይቻላል። ብዙ ማማ ቢተከል መፍትሔ አይሆንም ወይ ለሚልም መልሱ ይኸው ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚሞላን ማማ ወጪ የሚሸከመው ዞሮ ዞሮ ደንበኛው ነው።

የሰው እንቅስቃሴ የሚታወቀው ከስልክ መረጃ ነውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የግል ምሥጢር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢቭ አሌክሳንደር ደ ሞንትዦዬና ባልደረቦቹ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ መረጃ ፈትሸው፣ ስም ቢጠፋ እንኳ መቼና የት እንደነበረ የሚያሳዩ አራት ነጥቦች 95 በመቶውን ሰው ለይቶ ለማወቅ እንደሚበቁ አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠባቸው የወለጋ አካባቢዎች የኔትወርክ ሥልጣን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም፤ ሕዝቡ ዱካዬ በማን እጅ ይገባል ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። መልሱ መረጃውን ከምንጩ መቀነስ ነው። ማማን ለማቀድ እገሌ የት ዋለ የሚለው አያስፈልግም፤ ከዚህ ቀጠና ወደዚያ በዚህ ሰዓት ስንት ስልክ አለፈ የሚለው ድምር ይበቃል። ጥቂት ሰው ብቻ የታየበት ቁጥር ከመዝገቡ ይውጣ፤ የግለሰብ ዱካም ከኦፕሬተሩ ግቢ አይውጣ። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚህ ሕጋዊ መሠረት ይሰጣል፤ ሥራ ላይ መዋሉን መከታተል ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግዴታ ነው።

ስልክ የሌለውስ? የስልክ መረጃ ስልክ ያለውን ብቻ ይቆጥራል፤ በገጠር ደግሞ አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ሊሆን ይችላል። ኤሚ ዌሶሎውስኪና ባልደረቦቿ ወደ 15 ሚሊዮን በሚጠጉ ኬንያውያን ደንበኞች መረጃ የወባን ስርጭት ካጠኑ በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ለይተው መርምረው ነበር። የስልክ ባለቤትነት ልዩነት ሰፊ ቢሆንም የእንቅስቃሴው ግምት እንደተፈራው አለመዛባቱን አገኙ። ኬንያ ወለጋ አይደለችምና ይህን እንዳለ መቀበል አይገባም። በመናኸሪያ የሚወጣ የሚገባውን፣ በገበያ በር የሚያልፈውን ቆጥሮ ከስልኩ መረጃ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሻለ አካባቢውን የሚያውቅ የለም።

ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ብቸኛ ኦፕሬተር አይደለም። ፉክክሩ በትልልቅ ከተሞች ፍጥነት ብቻ ከተለካ ገጠሩ እንደተረሳ ይቀራል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የአገልግሎት ጥራትን ሲለካ በአማካይ ቀን ብቻ ሳይሆን በየወረዳው ገበያ ቀን፣ በቡና ለቀማ ወራትና በበዓል ዋዜማ ይለካ፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ያን ጊዜ ኦፕሬተሮቹ ሰው የሚውልበትን ማወቅ ለትርፋቸውም ግድ ይሆንባቸዋል። የኑኑ ቁምባ ገበሬ ለአገልግሎቱ የሚከፍለው ዋጋ ከከተሜው አያንስም፤ ገበያ በሚውልበት ቀን የሚሠራ ስልክ ማግኘት መብቱ ነው።