ኑዛዜው ተነቧል?

ኑዛዜ ሲነሳ «ምን ታሟርታለህ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከሕግ ወረቀቶች ሁሉ እንደ ኑዛዜ ለቤተሰብ የሚያስብ አላውቅም። በሕጋችን ባል ወይም ሚስት የጋራውን ንብረት ግማሽ ይወስዳሉ እንጂ የሟችን ድርሻ አይወርሱም፤ እሱ ለልጆች፣ ልጅ ከሌለ ለወላጆች ያልፋል። ከድርሻው ለሚስቱ ሊተውላት የሚፈልግ ባል መናዘዝ አለበት።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ይፈቅዳል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈው እና የቃል። የቃሉ ጠባብ ነው፤ ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ከሦስት ወር በላይ በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዝ አይችሉም።

በግልጽ ስለሚደረገው ግን ዝም ማለት አልችልም። «አራት ምስክር» የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ የሚዘነጋው የምስክሮቹ ሥራ ነው። አንቀጽ 881 የጠራቸው ለፊርማ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ተናዛዡ ባለበት በፊታቸው እንዲነበብ፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ እንዲጻፍ፣ ሁሉም ወዲያው እንዲፈርሙ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ፤ ንባቡ ግን አይቀርም።

ይህ ብልህ ሥርዓት ነው። ተናዛዡ ፊደል ያልቆጠረ ወይም ዓይኑ የደከመ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ያልተባለውን አስገብቶ ይሆናል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ «የለም፣ የጓሮው ቤት ለታናሿ ነው ያልኩት» ብሎ ማረም የሚችለው ራሱ ብቻ ነው።

የጎረቤት ልጆች ያሳዩኝ አንድ ኑዛዜ ከዓይኔ አይጠፋም። ባለመስመር ወረቀት፣ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ ከግርጌው አራት ፊርማና የአባትየው የጣት አሻራ። «ተነበበ» የሚል ቃል ግን የለም። ምስክሮቹ የፈረሙት ወረቀቱ በየቤታቸው እየዞረ ነበር። ልጆቹ ለዓመታት ተካሰሱ፤ ኑዛዜውም ፈረሰ። ሳይነበብላቸው የፈረሙትን ምስክሮች ዛሬም እወቅሳለሁ።

እባክዎ፣ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት ኑዛዜ ካለ ዛሬ አውጥተው ይዩት። በራስዎ እጅ የጻፉት ከሆነ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጡት ዋጋ ያጣል። በምስክር ፊት የተደረገ ከሆነ መነበቡ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ካልተጻፈ ምስክሮቹን በአንድ ላይ ጠርተው አዲስ ያድርጉ።