ከጠፈር የሚጠበቀው አየርና የአውሮፕላን ጭነት

በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ፥ ይልቁንም እንደ አበባና እንደ ሥጋ ፈጥኖ የሚበላሽ ሸቀጥ፥ ዋጋውን የሚያገኘው በሰዓቱ ሲደርስ ብቻ መሆኑ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚያልፍበት ሰማይ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ. ም. በአፋር ከኤርታ አሌ አጠገብ የሚገኘው ኃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ፥ ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ በታሪክ የተጻፈ ነገር ሳይኖር፥ በድንገት ፈነዳ። ዐመዱም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረና በየመንና በዑማን በኩል አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ። በዚያም አየር መንገዶች በረራዎችን ሰረዙ። በፍንዳታው አካባቢ ደግሞ የግጦሹ ሣር በዐመድ ስለ ተሸፈነ ከብት አርቢዎች ተቸገሩ።

የእሳተ ገሞራ ዐመድ እንደ ምድጃ ዐመድ ያለ አይደለም። የድንጋይና የመስተዋት ብናኝ ስለ ሆነ፥ በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ይቀልጥና ተጋግሮ አየር ያግዳል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1982 በኢንዶኔዥያ ሰማይ ላይ ይበር የነበረ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን አራቱም ሞተሮቹ በዚህ ምክንያት ጠፍተውበት ነበር፤ ከዐመዱ ከወጣ በኋላ ሞተሮቹ እንደ ገና ተነሥተው በጃካርታ በደኅና ዐረፈ። በ2010 ደግሞ በአይስላንድ በደረሰው ፍንዳታ ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ሲሰረዙ፥ አየር መንገዶች 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ገቢ እንዳጡ ማኅበራቸው ገምቷል።

እንዲህ ያለውን ደመና የሚከታተሉት ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በ2017 ወደ ጠፈር የተላከው የኤውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል 5ፒ ነው። ከምድር 824 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ አገር ላይም ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፋል። የሥራውም ዘዴ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን የራሱን ድርሻ ስለሚውጥ፥ ሳተላይቱ ከምድር የሚመለሰውን ብርሃን ዘርዝሮ የጎደለውን በመለካት የጋዙን ዓይነትና መጠን ያውቃል። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው የድኝ ጋዝ፥ ማለት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፥ በዚህ ዓይነት ይታወቃል። በዚሁ መሣሪያ ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣው ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድም ይለካል።

ነገር ግን ሳተላይት ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። የፀሐይ ብርሃን የሚሻ መሣሪያ በሌሊት አያይም፤ ደመናም ይጋርደዋል። ደግሞም ጋዙና ዐመዱ አንዳንድ ጊዜ ተለያይተው ስለሚጓዙ፥ ጋዙ የታየበት ቦታ ሁሉ ዐመድ አለበት ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ሙቀትን የሚለኩ ሌሎች ሳተላይቶችና የነፋስ ስሌት ይጨመራሉ። በዓለም ላይ ያሉት ዘጠኝ የእሳተ ገሞራ ዐመድ አማካሪ ጣቢያዎች ይህን ሁሉ አገናዝበው ለአየር መንገዶች ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ የኢትዮጵያን ሰማይ የሚጠብቀው በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ያለው ነው።

የማስጠንቀቂያው ጥቅም ሰማዩን በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ዐመድ ያለበትን ለይቶ በሌላው መንገድ ለመብረር ማስቻሉ ነው። ቢሆንም በረራ የሚዘገይበት ቀን አይጠፋም። አስተዋይ ነጋዴም ውል ሲዋዋልና ኢንሹራንስ ሲገባ፥ በእሳተ ገሞራ ምክንያት ለሚዘገይ ጭነት ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ቢያስጽፍ ይጠቀማል። ሳተላይቱ ደመናውን ያሳያል እንጂ የጠወለገውን አበባ ዋጋ አይከፍልም።