ድምፃዊቷ ያልተገኘችበት አልበም

ዛሬ ዛሬ የምሠራለትን ድምፃዊ በአካል ሳላገኘው አልበሙ ያልቃል። ድምፁ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በቴሌግራም ይመጣል፣ ሙዚቃውን አቀናባሪው ይልካል፣ እኔ አጋጥሜ ሚክስ አደርጋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች ይህ ኮምፒዩተር ያመጣው ጣጣ ይመስላቸዋል። እንዲህ ሲሉኝ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የፍሊትዉድ ማክን «ታንጎ ኢን ዘ ናይት» እከፍትላቸዋለሁ።

ባንዱ ያኔ ጀማሪ አልነበረም። በ1967 ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ ይህ አሥራ አራተኛ የስቱዲዮ አልበሙ ነው። ሥራው መጀመሪያ ላይ የጊታሪስቱ የሊንድሲ በኪንግሃም የግል አልበም ነበር፤ ኋላ ወደ ባንዱ ዞረ። ብዙው ክፍል የተሠራውም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በራሱ ቤት፣ በግል ስቱዲዮው ነው። የባንዱ ድምፃዊት ስቲቪ ኒክስ በራሷ የሙዚቃ ጉዞና በኮኬይን ሱስ ሕክምና ተይዛ ስለነበር ቀረጻው ላይ የተገኘችው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

በኪንግሃም ክፍተቱን የሞላው በቴፕ ማሽኑ ፍጥነት ነው። «ኤቭሪዌር» የተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚንቆረቆረው ድምፅ ጊታር ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ቴፑ በግማሽ ፍጥነት እየዞረ ጊታሩ ይቀዳል። በመደበኛው ፍጥነት ሲያጫውቱት ጊዜው በግማሽ ያጥራል፣ ቃናውም አንድ ኦክታቭ ሽቅብ ይወጣል። ክሩ ሲመታ የሚሰማው የመጀመሪያው ቅጽበት ሳይቀር ስለሚያጥር ድምፁ እንደ ብርጭቆ ይጠራል። የዛሬ ሶፍትዌር ፍጥነትንና ቃናን ነጣጥሎ ይለውጣል፤ ይመቻል፣ ያ ጥራት ግን የተገኘው ሁለቱ ባለመነጣጠላቸው ነው። መሞከር የሚፈልግ ጊታሩን በግማሽ ቴምፖ ይቅዳ፣ ቃና የሚጠብቀውን አማራጭ ያጥፋ፣ ከዚያ ፍጥነቱን እጥፍ ያድርገው።

«ቢግ ላቭ» ላይ የሚመላለሱት የሴትና የወንድ ትንፋሾችም ሁለቱም የበኪንግሃም ናቸው፤ የራሱን ድምፅ ፍጥነት ለውጦ ነው ሴት ያስመሰለው። ብዙ አድማጭ ስቲቪ ናት ብሎ ነበር።

ለዚህ ብልሃት እጅ እነሳለሁ። ቢሆንም በጥሩ ሄድፎን ሲሰማ ልዩነቱ ይታወቃል። የሌላዋ የባንዱ ድምፃዊት የክሪስቲን ማክቪ «ኤቭሪዌር»ና «ሊትል ላይስ» ዜማቸው ሞልቶ ስለገባ ያ ሁሉ ጌጥ አልዋጣቸውም። የስቲቪ «ዌን አይ ሲ ዩ አጌን» ግን ከቁርጥራጭ ቅጂ የተገጣጠመ ነው፤ መጨረሻውንም በኪንግሃም ራሱ ነው የዘፈነው። መጋጠሚያው ንጹሕ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። የዘፋኟ ትንፋሽ ግን ከአንዱ ስንኝ ወደ ቀጣዩ አይሻገርም።

አልበሙ በብሪታኒያ አንደኛ ወጣ፣ በሚሊዮኖችም ተሸጠ። በኪንግሃም ግን ለኮንሰርት ጉዞው እምቢ ብሎ በዚያው ዓመት ባንዱን ለቀቀ፤ በእሱ ቦታ ቢሊ በርኔትና ሪክ ቪቶ ተተኩ። አንድ ሰው ብቻውን ስንት ተሸክሞ እንደነበር ከዚህ ይገመታል።

እንግዲህ ድምፃውያን፣ ትራኩን ልካችሁ አትጥፉብን። ሌላው ቢቀር ሚክስ በሚደረግበት ቀን ስቱዲዮ ብቅ በሉ። ያልተመቸ ስንኝ ካለ እዚያው ደግማችሁ ትዘፍኑታላችሁ፤ እኔም እናንተን ከቁርጥራጭ ስገጣጥም አላድርም።