ተጨማሪ መረጃ፦ መኪና ቢገጭ ካሳውን ማን ይከፍላል?
ከጎሬ በቡሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ይበዛዋል። ቡና የጫነ መኪና ፍሬኑ እምቢ ብሎት ዳር ይዞ የሚሄድ እግረኛ ቢገጭ፣ ተጠያቂው ማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለንብረት ይጠይቃል፤ ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። «ጥፋት የለብኝም» ማለት ብቻውን አያድነውም፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ባለመኪናዎች የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ አስገድዷል።

አደጋ ሲደርስ፦
• ተጎጂውን ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱ።
• የታርጋ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ፤ ለትራፊክ ፖሊስ አመልክቱ።
• የሕክምና ማስረጃና ደረሰኝ አስቀምጡ።
• የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በሽምግልና ተስፋ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ!