የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እግር እንዴት ይመዘናል?

እንዳ ኢየሱስ ከመቀሌ በስተምሥራቅ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ከፍታ ነው። ታሪክ የሚያነብ ሰው በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የመሸገበት፣ እቴጌ ጣይቱም የውሃ ምንጩን አስይዘው ያስጨነቁት ቦታ መሆኑን ያውቃል። ተማሪው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ ያስታውሳል። ብስክሌተኛው ግን ዳገቱን ነው የሚያስበው። ከመሀል ከተማ ተነስቶ ወደ ኲሓ አቅጣጫ የሚወጣ ታዳጊ እግሩ ምን እንደሚችል፣ ሳንባውም እስከ የት እንደሚከተለው እንዲህ ባለ ዳገት ላይ ይለያል።

ዳገቱን ቀድሞ የጨረሰ ሁሉ ግን ነገ ትልቅ ጋላቢ አይሆንም። ኋላ የቀረውም ሁሉ ተስፋ የሌለው አይደለም። ከሃያ ልጆች መካከል አምስት ዓመት ቆይቶ የሚያፈራውን ዛሬ ለይቶ ማውጣት የመልማዩ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ነው የምጽፈው። በአገራችን ስፖርት ውስጥ እንዲህ ብዙ ዕጣ የሚወሰንበት፣ እንዲህም በጥቂቱ የሚነገርለት ሥራ አላውቅም።

ትግራይ የኢትዮጵያ ብስክሌት ዋና መፍለቂያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 መቀሌ የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ በ2012 ኤምቲኤን ኩቤካ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በ2016 ደግሞ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከእሱ በኋላ ሙሉ ኪንፈ ለፈረንሳይና ለስፔን ቡድኖች ጋልቧል፤ ወላይ ሐጎስም ጄይኮ አልኡላ በተባለው የአውስትራሊያ ቡድን ማሊያ በትልቁ የዓለም መድረክ ታይቷል። እነዚህ ሁሉ ከክለብ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያም ወደ ውጭ ሲሻገሩ በየደረጃው አንድ ሰው «ይሄ ይሂድ፣ ያ ይቅር» ብሏል። ስማቸውን የምናውቀው «ይሂድ» የተባሉትን ብቻ ነው።

ይህን ሥራ እንደ ሙያ አደራጅተው ከያዙት መካከል ካናዳውያን ይጠቀሳሉ። ስፖርታቸው የበረዶ ሆኪ ነው፤ ገናን በበረዶ ላይ፣ ከጫማ ሥር ስለት አስሮ እንደ መጫወት ነው። እዚያ የታዳጊ ሊጎች ገና አሥራ አምስት ዓመት ግድም የሆናቸውን ልጆች በተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ደክሞ የጨረሰው ቡድን ብዙውን ጊዜ ከፊት ይመርጣል፤ የተመረጠው ልጅም የመረጠው ቡድን ንብረት ያህል ይሆናል። ከምርጫው በፊት መልማዮች ክረምቱን ሙሉ ከሜዳ ሜዳ እየዞሩ ማስታወሻ ይይዛሉ። ወደ አዋቂዎቹ ሊግ፣ ወደ ኤንኤችኤል ምርጫ የሚቀርቡ ወጣቶች ደግሞ በላብራቶሪ ይፈተናሉ። የሚፈተኑት በምን ላይ መሰላችሁ? በቆመ ብስክሌት ላይ ነው። ዊንጌት የተባለው ፈተና ሠላሳ ሴኮንድ ያለ ርኅራኄ ማሽከርከር ሲሆን፣ እግር በአንድ ፍንዳታ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣና ጉልበቱ በምን ፍጥነት እንደሚሟጠጥ ያሳያል። የሆኪ ተጫዋች አቅም በፔዳል ከተለካ የመቀሌን ብስክሌተኛ በፔዳል መለካት የሚያስቸግር አይደለም።

ያ ሁሉ ዝግጅት እያለም ይሳሳታሉ። ሩሲያዊው ፓቬል ዳትሱክ ተደጋግሞ ታልፎ እ.ኤ.አ. በ1998 በ171ኛ ተራ ተመረጠ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ የኤንኤችኤልን የስታንሊ ዋንጫ አነሳ። ቀጭንና ትንሽ ስለ ነበር ነው ያለፉት። የመልማይ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ዐይን ሁልጊዜ ወደ ገዘፈው ልጅ ይሄዳል።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት፣ በትልልቅ የሆኪ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ተጫዋቾች በጣም በዝተው መገኘታቸውን አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዕድሜ ክፍፍሉ ከጃንዋሪ 1 ስለሚጀምር በጃንዋሪ የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው ጋር በአንድ ምድብ ይጫወታል፤ በአሥር ዓመታቸው አሥራ አንድ ወር ትልቅ ልዩነት ነው። ትልቁ «ጎበዝ» ይባላል፤ የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፤ በመጨረሻም በእርግጥ ጎበዝ ይሆናል።

ይህ ነገር ወደ እኛ ሲመጣ በዘመን አቆጣጠራችን ምክንያት ይበልጥ ይወሳሰባል። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ደንብ ጁኒየር የሚለው በአውሮፓ ዘመን በዚያ ዓመት 17 ወይም 18 ዓመት የሚሞላውን ነው። በ2000 ዓ.ም. የተወለዱ ሁለት ልጆችን እንውሰድ። አንዱ በጥቅምት ቢወለድ እ.ኤ.አ. የ2007 ልጅ ነው፤ ሁለተኛው በጥር ቢወለድ የ2008። በእኛ ዘመን እኩዮች ናቸው፤ በሦስት ወር ነው የሚለያዩት። በማኅበሩ መዝገብ ግን አንደኛው ከ2026 ጀምሮ ከ23 ዓመት በታች ካሉ ጎልማሶች ጋር ሲሰለፍ፣ ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ ጁኒየር ነው። የመታወቂያ ጸሐፊ በችኮላ ስምንት ጨምሮ ከጻፈ ወይም ሰባት ብቻ ከጨመረ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ይጠፋል ወይም ይገኛል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ በጁኒየር ዕድሜ ያሉት ልጆች ሁሉ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። የብዙዎቹ የልደት ቀን ያለው በእናት ትዝታና በክርስትና ቀን ነው። መልማዩ ቀን ከመጠየቅ ይልቅ ከየትኛው በዓል በፊት ወይም በኋላ ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከልደት ቀን ይልቅ ግን የሰውነት ዕድሜ ይበልጣል። የአንድ ቀን ልደት ያላቸው ሁለት የአሥራ አራት ዓመት ወንዶች በአጥንትና በጡንቻ ብስለት ሦስት ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። አንዱ ድምፁ ጎርንኖ ጢሙ ጀምሯል፤ ሌላው ገና ሕፃን ነው። ቀድሞ የበሰለው ዛሬ ሁሉንም ያሸንፋል፤ ሌሎቹ ሲደርሱበት ግን ብልጫው አብሮ ያልቃል፤ እስከዚያ ድረስ በጉልበት ብቻ ሲያሸንፍ ስለኖረ ብልሃት አልተማረም። በሳስካቹዋን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሚርዋልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ስሌት እዚህ ይጠቅማል። የልጁን ቁመት፣ ተቀምጦ የሚለካ ቁመቱን፣ ክብደቱንና ዕድሜውን ይዞ ፈጣኑ ዕድገቱ መቼ እንደሚመጣ ወይም መቼ እንዳለፈ በግምት ይናገራል። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ሚዛንና በርጩማ ነው። ግምቱ እንከን የለሽ አይደለም፤ ዳገቱን ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው ልጅ ገና እንዳላደገ ካሳየ ግን መልማዩ ስሙን በቀይ እንዲያሰምርበት በቂ ነው።

ሴቶች ላይ ነገሩ ይለያል። ፈጣኑ ዕድገታቸው ከወንዶቹ ሁለት ዓመት ያህል ስለሚቀድም በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ብስለታቸው በአብዛኛው ተጠናቋል። ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ሰዓት ከወንዱ ሰዓት ይልቅ ስለ ነገ እውነቱን ይናገራል፤ ሆኖም ቤተሰብ ልጅቷን ከብስክሌት የሚያስወርድበት ዕድሜም ይኸው ነው። እየሩ ተስፎም በስዊዘርላንዱ የዓለም የብስክሌት ማዕከል ሠልጥና፣ የትግራይ ጦርነት ወደ አገር እንዳትመለስ አድርጓት፣ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ተወዳድራለች። እሷን ስናይ በዚያ ዕድሜ ወርዶ የቀረው ሌላው እግር ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብስክሌቱ ነው፤ በመቀሌ ምልመላ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ፍርድ የሚያዛባውም ይኸው ይመስለኛል። በሩጫ ልጁን ከልጁ ጋር ታወዳድራለህ። በኮርስ ብስክሌት ግን ልጁን ከነብረቱ ነው። አንዱ ቀላል ብስክሌት ከክለብ ተሰጥቶታል፤ ሌላው ከሦስት ሰው የተላለፈ፣ ሰንሰለቱ የላላ፣ ቸርኬው የተወላገደ ይዞ ይመጣል። ይህን ልዩነት በቁጥር ማረም ይቻላል። ዳገት ላይ አብዛኛው ጉልበት የሚጠፋው ክብደትን ወደ ላይ በማንሳት ነው። የልጁንና የብስክሌቱን ክብደት ደምረህ በ9.81 አባዛ፤ የወጣውን ከፍታ በሜትር አባዛበት፤ ለወሰደበት ሴኮንድ አካፍል። የሚወጣው በዋት የሚቆጠር ጉልበት ነው።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው 52 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ሁለቱም 100 ሜትር ከፍታ በአምስት ደቂቃ ወጡ። አንዱ 10 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት፣ ሌላው 15 ኪሎ በሚመዝን። የመጀመሪያው 203 ዋት ገደማ አውጥቷል፤ ለራሱ ክብደት ሲካፈል በኪሎ 3.9 ነው። ሁለተኛው 219 ዋት አውጥቷል፤ በኪሎ 4.2። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ሲጨመሩ ሁለቱም ከዚህ ከፍ ይላሉ፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። በሰዓት እኩል የገቡት ልጆች እኩል አይደሉም፤ የተሻለው አሮጌ ብስክሌት የያዘው ነው። ይህ ስሌት የስልክ ማስያ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያለ ሚዛን የሚመለምል ሰው ግን ድሃውን ልጅ በየዓመቱ ሳያውቅ ያሰናብታል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

የማርሽም ነገር አለ። የዓለም ማኅበሩ ጁኒየሮች ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ከ7.93 ሜትር በላይ እንዳይሄዱ ይከለክል ነበር፤ ገና ያልጠነከረ ጉልበት እንዳይጎዳ፣ ልጆቹም ቶሎ ቶሎ ማሽከርከርን እንዲለምዱ ነው። ክልከላው ከ2023 ጀምሮ ተነስቷል። ከዚያ ወዲህ ከባድ ማርሽ መርገጥ የሚችል የበሰለ ልጅ በሜዳማ መንገድ ይበልጥ ይገንናል፤ መልማዩም ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባል።

መቀሌ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚወጣ ጉልበት እዚህ ሲለካ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የመቀሌን ቁጥር አውሮፓ ከተለካ ቁጥር ጎን አስቀምጦ «ይህ ልጅ ያንሳል» ማለት አይቻልም። በሜዳማ መንገድ ላይ በሚደረግ የክሮኖ (ብቻ ለብቻ ከሰዓት ጋር የሚጋለብ) ውድድር ደግሞ በተቃራኒው አየሩ ስለሚሳሳ ሰዓቱ ያማረ ይመስላል። አንድ ቦታ የተለካን ከዚያው ቦታ ከተለካ ጋር፣ ከተቻለም ልጁን ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር ማወዳደር ይሻላል።

ዋት የማይነግረንም ብዙ አለ። በግሩፕ ውስጥ የት ይቀመጣል? ነፋስ ከጎን ሲመጣ ከማን ጀርባ መጠለል እንዳለበት ሳይነገረው ያውቃል? ሲደክም ወገቡና ትከሻው ይወዛወዛል ወይስ እግሩ ብቻ ይሠራል? ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ይይዛል ወይስ መሀል ላይ ይደናገጣል? ከግሩፑ ተነጥሎ ከቀረ በኋላ ምን ያደርጋል? ለእኔ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ተነጥሎ ብቻውን እስከ መጨረሻው የሚጋልብ ልጅ አለ፤ መኪና ላይ የሚወጣም አለ። ወደ ኤርትራ ብንሻገር፣ ብንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2018 ገና ጁኒየር ሳለ ከስዊዘርላንዱ ማዕከል ሄዶ ቤልጅየም ውስጥ ሬምኮ ኤቨንፑልን በአንድ የውድድር ቀን ቀድሞታል። ኤቨንፑል ያን ጊዜ የዕድሜ እኩዮቹን ሁሉ በጉልበት ብቻውን ጥሎ የሚሄድ ልጅ ነበር። ብንያም የት መቀመጥና መቼ መነሳት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ በ2024 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ ያየነውም ይህንኑ ነው።

የሕክምና ምርመራው ሊታለፍ አይገባም። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ወደ ስዊዘርላንድ በሄደ ጊዜ የልብ ምት ችግር ተገኝቶበት ታክሞ ተመልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የቱር ደ ፍራንስን የተራራ ማሊያ ለብሶ ታየ። ባይመረመር ኖሮ «ይደክማል፣ ልብ የለውም» ተብሎ ሊቀር ይችል ነበር።

ለትግራይ ታዳጊዎች አንድ ሌላ ሒሳብ አለ። ጦርነቱ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ዘልቋል። በዚያን ጊዜ የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረ ሁሉ ብስክሌት የሚለመድበት ዕድሜው ውድድር በሌለበት፣ ምግብ በጎደለበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከሌላ አገር እኩዮቹ ጋር ሲሰለፍ በሥልጠና ዕድሜው ሁለት ሦስት ዓመት ያንሳል፤ ከምግብ እጥረት የተነሳም ዕድገቱ የዘገየ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በዛሬ ሰዓቱ መመዘን አይገባም። መመዘን ያለበት ምን ያህል በፍጥነት እየተሻሻለ እንደሆነ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ዳገቱን በስንት ደቂቃ ወጣ፣ ዛሬስ? በሁለት ዓመት ሥልጠና እዚህ የደረሰ ልጅ በስድስት ዓመት ሥልጠና እዚያው ከደረሰው ይበልጣል።

ለዚህ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል። የየልጁ ቁመት፣ ክብደት፣ የብስክሌቱ ክብደት፣ የዳገት ሰዓቱ፣ ሥልጠና የጀመረበት ወር፣ በየስድስት ወሩ፣ በአንድ ዳገት ላይ። አሠልጣኝ ሲቀየር፣ ክለብ ሲፈርስ መዝገቡ አብሮ እንዳይጠፋ የሚያስቀምጠው ተቋም ያሻል፤ ዩኒቨርሲቲው ዳገቱ ላይ ነው ያለው። ጦርነቱ ሲጀመር አሥራ አምስት ዓመት የነበራቸው ልጆች የጁኒየር ዘመናቸው አልፎባቸዋል። ከ23 ዓመት በታች ያለው ምድብ ግን እስከ 22 ዓመት ይቀበላል፤ ለእነሱ የቀረው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው፤ መለካቱ ከእነሱ ቢጀመር ይሻላል።